በጦርነት ጊዜ በሠራዊቱ ያገለገላችሁ እህቶች፦ ሥራችሁ ምን ነበር? እዚህ ጻፉልኝ

ሐኪሟ ከቱሉ ዲምቱ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2:15)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ መድረክ ላይ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው እርዳታችሁን ፈልጌ ነው።

የሰፈራችን እድር በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ የመከላከያ ሠራዊት ቀን ሲደርስ፣ ከአባላቱ መካከል በውትድርና ያገለገሉትን አስነሥቶ ያናግራቸዋል። መልካም ልማድ ነው። እስከ ዛሬ የተነሡት ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው። እኛ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ እናማስላለን። ከምናማስለው መካከል ወታደር የነበርን እንዳለን የምናውቀው እኛው ብቻ ነን። ዘንድሮ ለእድሩ ዳኛ ነገርኳቸው። አልተቃወሙም፤ «ልጄ፣ ደስ ይለኛል፤ ግን ሴቶቹ ሥራችሁ ምን ነበር?» አሉኝ። ቅን ጥያቄ ነው። ከግንባር ስንመለስ ሰው የሚጠይቀን ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ «ሰው ገድለሻል ወይ?» እና «አላገባሽም ወይ?» ሥራሽ ምን ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው እኚህ አባት የመጀመሪያው ናቸው።

ስለዚህ ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀምሬአለሁ። በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም ወገን ያገለገላችሁ እህቶችና እናቶች፣ ዘመኑን፣ ቦታውንና ሥራችሁን ጻፉልኝ። ስም አልፈልግም። ማን ልክ ነበር የሚለውን ሌላ ቦታ እንከራከርበት።

ከራሴ ልጀምር። ያደግሁት ሰንዳፋ ነው። የማትሪክ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ በግንቦት 1990 የባድመው ነገር ተሰማ። ስመዘገብ አባቴ «ይህ የሴት ልጅ ወግ አይደለም» ብሎ ተቆጣ፤ እናቴ ምንም ሳትል ገብስ ቆልታ በሶ ፈጨችልኝ። መሠረታዊ ሥልጠናውን ብር ሸለቆ ጨረስኩ፤ ከዚያ አጭር የሕክምና ኮርስ ተሰጠንና ቡሬ ግንባር ተመደብኩ። ቡሬ ስል የጎጃሙን አይደለም፤ በአፋር በኩል ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ነው። ከአሰብ የሚርቀው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሥራዬ በሻለቃው የሕክምና ጣቢያ ቁስለኛ መቀበል ነበር። ደም ማቆም፣ የተሰበረውን በእንጨት መደገፍ፣ ግሉኮስ መስቀል፣ ከዚያ በኦራል ጭኖ ወደ ኋላ መላክ። እጁን ወይም እግሩን በደም ማቆሚያ ያሰርነውን ሰው፣ ያሰርንበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ እንጽፍበት ነበር። ከኋላ የሚቀበለው ሐኪም ሰዓቱን ካላወቀ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። እንግዲህ ስንት ግንባር ላይ እንደጻፍኩ እግዜር ይወቀው።

ከሁሉ የሚከብደው ውሃው ነበር። ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው፤ ቦቴው ቀን ላይ ከታየ ይመታል፣ ስለዚህ በሌሊት ይመጣል። ሙቀቱን ላልቀመሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ አንዳንድ ቀን በጥይት ከተመታው ይልቅ ሙቀት የጣለው ይበልጥ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ሆዱን የቆሰለ ሰው ይመጣና ውሃ ይለምንሻል። ሆዱ የተመታ ሰው በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ይህ የተማርነው የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ጎዝ አርሰን ከንፈሩን እናብስለታለን እንጂ አናጠጣውም። «እህቴ፣ በእናትሽ» ይልሻል። ኮዳዬ ወገቤ ላይ ነው፤ ያየዋል። ኮዳዬን አውልቄ ከድንኳኑ ውጭ ማስቀመጥ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱን ልጅ ኋላ ላይ ድኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንዳንዱ ግን የመጨረሻ የለመነኝ እሷን ጉንጭ ውሃ ነው። ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔን ዛሬም አውቃለሁ። ቢሆንም ቤቴ ውስጥ የውሃ ጀሪካን ባዶ ሆኖ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው።

ይኸው የእኔ። የእናንተን እጠብቃለሁ።

---

ፍቅርተ ከጀሞ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3:02)

እግዚአብሔር ያክብርሽ እህቴ። እኔ አላገለገልኩም፤ ግን የእናቴ ታናሽ እህት በዚያው ዘመን ሄዳ ነበር። እኛ ቤት ስለ እሷ ሲወራ «ያ ጊዜ» ነው የሚባለው። ስትመለስ ለጋብቻ ሊጠይቋት የመጡ ሽማግሌዎች ወታደር እንደነበረች ሲሰሙ ቀሩ። ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሰው ሁሉ «አረብ አገር ነበረች» እንዲል ተስማማ። አረብ አገር ከግንባር ይልቅ ለሴት ይሻላል ተብሎ መሆኑ ነው። እሷም ቃሉን ለምዳ ዛሬ ልጆቿ እናታቸው ቤይሩት የነበረች ይመስላቸዋል። ይህን ክር ላነብላት እሄዳለሁ። ካልፈለገች አልጽፍም።

---

ወልደ ሰንዳፋ (እሑድ፣ ከምሽቱ 4:20)

የአገሬ ልጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የእድሩ ዳኛ ለሚጠይቁት ጥያቄ እኔም መልስ አለኝ።

ግንቦት 1992 ዛላምበሳ ላይ ጭኔን ተመታሁ። ከወደቅሁበት ያወጡኝ በቃሬዛ ነው፤ አራት ሆነው። ከፊት በቀኝ በኩል የያዘችው ሴት ነበረች። ዳገቱ ድንጋያማ ነው፤ ቃሬዛው ሲናጥ አጥንቴ ይፋጫል፣ እኔም እጮኻለሁ። እሷ መንገዱን ሁሉ ታወራኛለች። የምታወራው ስለ ጦርነት አይደለም፤ እናቷ ቤት ስላለች ላም፣ እንዴት እንደምትታለብ፣ ማንን እንደምትረግጥ። አንዴ መድፍ ቀረብ ብሎ ሲወድቅ ሁሉም ቃሬዛውን መሬት አስነክተው ተኙ፤ እሷ ግን በእኔ ላይ ተኛች። ስትነሣ የላሟን ነገር ካቆመችበት ቀጠለች።

አስር አለቃ ሲሏት ሰምቻለሁ፤ ስሟን ግን አልሰማሁም። አነጋገሯ የባሌ ይመስለኛል። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጓደኞቼ «ሴቶቹ ከኋላ ምግብ ያበስሉ ነበር» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ይህንን እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም «የአንተዋ ለብቻዋ ናት» ይሉኛል። አይደለችም። ከፊት ለፊታችን በነበረው ወገን ደግሞ ሴቶቹ ምሽግ ውስጥ ሆነው ይተኩሱ ነበር፤ ያየነው ነው።

ዛላምበሳ ቃሬዛ የተሸከመች፣ የላም ነገር የምታወራ አስር አለቃ የሚያውቅ ካለ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ይንገረኝ።

---

ዳዊት አያት (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:10)

ይቅርታ አድርጉልኝና የተለየ ሐሳብ አለኝ። ለማንም ክብር ነሥቼ አይደለም።

ታናሽ ወንድሜን በሰሜኑ ጦርነት አጥቻለሁ። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ «ትንሽ ቀደም ብለው ቢሆን» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ዜና ከፍታ አታውቅም። በእድር ድንኳን ውስጥ የጦር ሜዳ ታሪክ ሲወራ ወጣቶቹ ዓይናቸው ያበራል። የሚሰሙት ጀግንነቱን ነው። አሁን ሴቶቹም ተነሥተው ሲናገሩ፣ ሴት ልጆቻችንም «ለካ እኛም» ሊሉ ነው። የእኔ ፍርሃት ይህ ነው። ዝም ማለት አንዳንዴ ልጆችን ማዳን አይደለም ወይ?

---

ሐኪሟ ከቱሉ ዲምቱ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45)

ዳዊት ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ለእናትህ መጽናናቱን ይስጥልኝ።

ጥያቄህን ቀኑን ሙሉ ሳስብበት ዋልኩ። ዝምታን እኔም ሞክሬዋለሁ። እዚህ ሰፈር ስንገባ በቅርብ ርቀት የድንጋይ ካባ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ድማሚት ሲያፈነዱ፣ ኮሪደር ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ቆሜ ሳለሁ፣ ሁለቱን ልጆች ይዤ መሬት ላይ ተደፋሁ። አንደኛዋ ጥርሷ ተሰበረ። እናቷ መጥታ ጮኸችብኝ፤ ሰይጣን ያለብኝ መስሏት ነበር። እንግዲህ ወታደር እንደነበርኩ ለልጄ የነገርኳት በዚያ ማታ ነው። ያየችውን ነገር ስም ካልሰጠሁት ራሷ ስም ልትሰጠው ነበር።

እኔ እድሩ ላይ ላነብ የምፈልገው ጀብዱ አይደለም። ውሃ የከለከልኩትን ልጅ ነው የማነበው። ያንን የሰማች ልጅ ዓይኗ የሚያበራ አይመስለኝም። ድንኳኑ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚነገረው ሁሉ ስለ መተኮስ ስለሆነ ነው ለልጆቹ የሚጣፍጣቸው። ቁስለኛ የተቀበለ ሰው ተናግሮ አያውቅም። እናትህ ብትመጣ ልታዳምጠው የምትችለውን ብቻ ነው የምናነበው፤ ቃሌ ነው።

---

መገናኛ 77 (ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:30)

ልጄ ነው የሚጽፍልኝ አትበሉ፤ ራሴ ነኝ የምጽፈው፣ ጣቴ ቢዘገይም። ሰበታ ነው የምኖረው።

ዘመኑ፦ ከ1977 እስከ 1983። ቦታው፦ መቀሌ፣ ሦስተኛው አብዮታዊ ሠራዊት፤ ኋላ ወሎ። ሥራዬ፦ የሬዲዮ መገናኛ።

ብሔራዊ ውትድርና የታወጀው በ1975 ነው፤ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት ይላል። እኔ ግን በግዳጅ አልገባሁም። በደመወዝ ተቀጥሬ ነው የገባሁት፤ ታናናሾቼን የማሳድገው እኔ ነበርኩ። ሥራው ጆሮ ነው። ማዳመጫውን አድርገሽ ትቀመጫለሽ፣ ቁጥር ይመጣል፣ ቁጥር ትጽፊያለሽ፣ ትሰጫለሽ። ሰዎቹን አታያቸውም፤ ድምፃቸውን ግን ታውቂዋለሽ። ማን ጉንፋን እንደያዘው፣ ማን ሌሊቱን እንዳልተኛ ትለያለሽ። ከማዶ የሚናገሩት ወንዶች የሴት ድምፅ ሲሰሙ መጀመሪያ ይደናገጣሉ፣ ከዚያ ይለምዳሉ፤ ከዚያ አንቺን ካልሰሙ «ምነው፣ ደህና አይደለችም?» ይላሉ።

በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ የነበረው 604ኛው ኮር ሲደመሰስ ተረኛ ነበርኩ። ስለ ውጊያው ሌላው ይጻፍ፤ እኔ የማውቀው የሰማሁትን ነው። ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። እጠራለሁ፣ መልስ የለም። ሌላውን እጠራለሁ፣ ይመልሳል፣ ከሰዓት በኋላ እሱም የለም። ድምፁን የማውቀው አንድ ሰው በመጨረሻ በቁጥር መናገሩን ትቶ በአማርኛ «በቃ፣ እህቴ፣ ደህና ሁኚ» አለኝ። በሬዲዮ እንዲህ ማለት ክልክል ነው። መዝገቡ ላይ አልጻፍኩትም። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መቀሌን ለቀን ወጣን።

ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን በተሰበሰብንበት ካምፕ ምዝገባ ነበር። ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። መዝጋቢው ሳያየኝ «የማን ሚስት ነሽ?» አለኝ። ወታደር ነኝ አልኩት። «ባልሽ የት ክፍል ነበር?» አለኝ። ማዕረጌን፣ መለያ ቁጥሬን ነገርኩት። ከኋላዬ ያሉት ወንዶች «አቤት እሷስ፣ የመገናኛዋ ናት!» ብለው መሰከሩልኝ። ሰውየው ጻፈ። ወረቀቱን ሳየው «የወታደር ቤተሰብ» ይላል። እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ አለ። ከዚያ ሠራዊት 455 ሺህ ያህል ሰው ተሰናበተ ይባላል። እኔ ከዚያ ቁጥር ውስጥ የለሁበትም።

---

ከሱሉልታ (ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6:50)

እትዬ መገናኛ፣ ጽሑፍዎን ካነበብኩ በኋላ አልተኛሁም። ልጻፍ አልጻፍ ብዬ ቆየሁ።

እኔ በዚያኛው ወገን ነበርኩ። ታጋይ። ሽሬ ላይም ነበርኩ።

ወደ በረሃ የወጣሁት በ14 ዓመቴ ነው፤ ሊድሩኝ ሲሉ ነው የጠፋሁት። ሥራዬ መጀመሪያ ተዋጊ፣ ኋላ ቁስለኛ ማውጣት። በ1983 አዲስ አበባ ስንገባ ፀጉራችን የተጎነጎነ፣ ቁምጣ የለበስን ሴቶች ታንክ ላይ ተቀምጠን ሕዝቡ ቆሞ ያየን ነበር። ከታጋዩ ሲሶ ያህሉ ሴቶች ነን ሲባል አያምኑም። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ብዙዎቻችን ተሰናበትን። አገራችን ስንመለስ እናቶቻችን አለቀሱ፣ ወንዶቹ ሸሹን። ከእኛ ጋር የታገሉት ወንዶች ሳይቀሩ ያልታገለች፣ ለጋ ልጅ አገቡ። ማረስ እንችላለን፣ መሬት አልነበረንም፤ እንጀራ መጋገር ረስተናል። እኔ የመጣሁት ወደዚህ ነው፣ የሚያውቀኝ ሰው ወደሌለበት። ሱሉልታ ላይ ወተት እሸጣለሁ።

ያ «ደህና ሁኚ» ያለዎት ሰው በእኛ እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከተማረኩት ውስጥ ብዙዎቹ ተርፈዋል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያልተረፉም ነበሩ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ይቅርታ ማለት ቢያንስብኝም እላለሁ።

---

መገናኛ 77 (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15)

ልጄ፣ አንቺ ልጅ ነበርሽ። በ14 ዓመት የወጣች ልጅ ምን ይላታል ሰው።

እኔም ከማዳመጫው ጀርባ ተቀምጬ የጻፍኳቸው ቁጥሮች አውሮፕላን ሆነው የት እንደሚሄዱ ሳላውቅ አልጻፍኳቸውም። ይህንንም በደብተሩ ጻፊልኝ፣ ሐኪሟ።

ሱሉልታ የት አካባቢ ነሽ? ልጄ በዚያ በኩል ይሠራል፣ አልፎ አልፎ ይዞኝ ይመጣል።

---

ከሱሉልታ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:00)

በግል መልእክት ልኬልዎታለሁ እትዬ። ሲመጡ ቡናው ከእኔ ነው።

---

ናርዶስ ለገጣፎ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:25)

እንደምን አላችሁ እናቶቼ። ዕድሜዬ 22 ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ የለኝም፣ በመከላከያ ልመዝገብ እያሰብኩ ነው። የቤት ሰው አልሰማም። ሁለት ነገር በቀጥታ ልጠይቅ፤ ሌላ ቦታ መጠየቅ ስላልቻልኩ ነው። የወር አበባን እንዴት ነበር የምትችሉት? ሁለተኛው፣ ከራሳችሁ ወገን ወንዶች ራሳችሁን እንዴት ነበር የምትጠብቁት?

---

ሐኪሟ ከቱሉ ዲምቱ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30)

ናርዶስ የኔ ልጅ፣ በቀጥታ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

የመጀመሪያው፦ በእኛ ጊዜ የሚታደል ነገር አልነበረም። ጎዝና ፋሻ እጄ ላይ ነው፤ ግን ለቁስለኛ በቁጥር የመጣ ነውና አንነካውም። ያረጀ የደንብ ልብስ ገበሩን ቀደን፣ አጥፈን እንጠቀማለን። ማጠቢያው ከመጠጥ ውሃሽ ላይ ነው የሚቀነሰው። ማስጫው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ወንዶቹ እንዳያዩት ከድንኳኑ ሸራ ሥር እንደብቀዋለን፣ ሳይደርቅ እንለብሰዋለን። ብዙዎቻችን ታመናል። አንዳንዷ ከጭንቀትና ከምግብ ማነስ ጭራሽ ትቆምባትና እፎይ ትላለች፤ ኋላ ስታገቢና ልጅ ሲዘገይ ነው ዋጋው የሚታወቅሽ። ዛሬ ተሻሽሎ ይሆናል፤ ከመመዝገብሽ በፊት ዛሬ ያሉትን ሴቶች ፈልገሽ ጠይቂ። ይህን ስትጠይቂ የምታፍሪ ከሆነ ግን እዚያ ስትደርሺ ይበልጥ ይከብድሻል።

ከስክስ ጫማውም የወንድ ልክ ነበር። ጨርቅ ወትፈን ነው የምንሄድበት። የእግሬ ጣት ዛሬም ቀጥ አይልም።

ሁለተኛው፦ አብዛኞቹ ወንድሞቻችን ነበሩ፤ ለአንቺ ብለው ይሞታሉ ስልሽ ያየሁትን ነው። ነገር ግን አንድ ማዕረግ ያለው መጥፎ ሰው ሌሎቹ ሁሉ ደጎች ቢሆኑም ሕይወትሽን ሲኦል ያደርገዋል። እኛ ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳትም፣ ለመጸዳዳትም ሁለት ሁለት ሆነን ነበር የምንሄደው። ጥበቃ ስንደለደል ብቻዋን የምትመደብ ሴት እንዳትኖር እርስ በርስ ተራ እንለዋወጣለን። የማምናት አንዲት ጓደኛዬ ለበላይ አመለከተች፤ የተዛወረችው እሷ ሆነች እንጂ ሰውየው አልተነካም። ይህን የምነግርሽ ላስቀርሽ ብዬም ልልክሽ ብዬም አይደለም። ከተመዘገብሽ መጀመሪያ የምታደርጊው ነገር ከሴቶቹ መካከል ከአንቺ በፊት የገባችውን ፈልገሽ መጠጋት ነው።

---

ከሱሉልታ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40)

በበረሃ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በታጋዮች መካከል ፍቅርም ጋብቻም ክልክል ነበር። ቅጣቱ ከባድ ነው። ለብዙዎቻችን ያ ሕግ ጥላ ሆኖናል፤ ቤት ብንሆን በ14 ዓመታችን ተድረን ነበርና። ናርዶስ፣ ሕጉ ምን እንደሚል ብቻ አትጠይቂ፤ ሕጉን የጣሰ ሰው የመጨረሻ ጊዜ ምን ሆነ ብለሽ ጠይቂ።

---

የሆለታው መምህር (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:05)

ታሪክ አስተምራለሁ። አጭር ነገር ልጨምር።

ተማሪዎቼ እቴጌ ጣይቱ በ1888 መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ የውሃ ምንጭ አስይዘው እንዳስጨነቁት ያውቃሉ። በአምስቱ ዓመት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመሩ እንደተዋጉ፣ ከዚህ ከእኛ ብዙም በማይርቀው አዲስ ዓለም ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ጠላትን እንዳጠቁ፣ ጣሊያን አገር ተግዘው እንደታሰሩ እነግራቸዋለሁ። የሁሉንም ስም የምናውቀው የባላባት ቤት ሴቶች ስለነበሩ፣ የሚጽፍላቸውም ስለነበረ ነው። እህል እየፈጨች፣ ድስት ተሸክማ፣ ቁስለኛ እየደገፈች አድዋ ድረስ የሄደችው ሴት ግን ስሟ የለም። ይህ ደብተር ሲያልቅ ቅጂ ብትሰጡኝ ከክፍሌ ጋር አነበዋለሁ።

---

የእማማ ልጅ ቡራዩ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20)

ክሩን ለአያቴ አነበብኩላቸው። «የእኔንስ አትጽፊም?» አሉኝ። እንዲህ ነው ያሉት፦

«በ69 ዓ.ም. ሶማሌ ስትወር ሚሊሺያው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ። ሦስት መቶ ሺህ ነው የሚሉት፤ እኔ አልቆጠርኩም፣ ግን ሜዳው ሰው ብቻ ነበር። ከየገጠሩ የመጣ ገበሬ ነው፤ ጫማ አድርጎ የማያውቅ። እኛን በቀበሌ አደራጁንና ስንቅ አዘጋጁ ተባልን። ቀን ገብስ እንቆላለን፣ በሶ እንፈጫለን፣ ማታ ድርቆሽ እናደርቃለን። ጭሱ ዓይኔን የዚያን ጊዜ ነው የጎዳው። ባለቤቴም ከዚያው ዘመተ። የካቲት 26 ቀን 70 ካራማራ ላይ ድል ሆነ ሲባል እልል ብዬ ወጥቻለሁ፤ የእሱ መርዶ የመጣው ከእልልታው በኋላ ነው። ስንቅ አዘጋጅ ብለሽ ጻፊኝ።»

ወታደር አልነበሩም። ደብተሩ ውስጥ ይገባሉ?

---

መገናኛ 77 (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50)

ለእማማ እጅ ነሥቻለሁ። የእሳቸውን በሶ የበላ ሠራዊት ነው ካራማራን የያዘው።

ግን ሐኪሟ፣ ከእኛ ጋር አታደባልቂን። ልቤ ክፉ ሆኖ አይደለም። «የማን ሚስት ነሽ?» የተባልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሴት ከጦር ጋር ስትነሣ ስንቅ አዘጋጅ፣ ሚስት፣ እናት ተብላ አንድ ላይ ትጻፋለች፤ የደንብ ልብስ የለበሰችው እዚያ ውስጥ ትጠፋለች። እማማ ክብር ይገባቸዋል፤ ለብቻው ገጽ። እኔ ወታደር ነኝ።

---

ወልደ ሰንዳፋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10)

እትዬ እውነታቸውን ነው። ቃሬዛዬን የተሸከመችው አስር አለቃም «ወታደር» ተብላ ካልተጻፈች አልስማማም።

---

ሐኪሟ ከቱሉ ዲምቱ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:00)

አሳምናችሁኛል። ደብተሩን ከሁለት እከፍለዋለሁ። በፊተኛው ክፍል በሠራዊት ወይም በትግል ውስጥ ሆነው ያገለገሉ፤ በኋለኛው ስንቅ ያዘጋጁ፣ ደም የለገሱ፣ ቁስለኛ በየቤታቸው ያስታመሙ። እማማ የኋለኛው ክፍል የመጀመሪያዋ ናቸው። እትዬ መገናኛ፣ እርስዎን «ወታደር፣ የሬዲዮ መገናኛ፣ ሦስተኛው አብዮታዊ ሠራዊት» ብዬ ነው የጻፍኩት። ማዕረግዎን በግል ይላኩልኝ።

---

ሰማያዊ ኮፍያ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:35)

ዳርፉር በሰላም ማስከበር ነበርኩ። ጦርነት ላይ አልነበርንም፣ ጦርነት መሀል ነበርን። ሥራዬ ከመጠለያው ሴቶች ጋር መነጋገር ነበር፤ እንጨት ለቀማ ሲወጡ አጅበናቸው እንሄዳለን። ወንድ ወታደር ካለ ምን እንደደረሰባቸው አይናገሩም፤ ለእኛ ይናገራሉ። የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም። ደብተሩ ውስጥ የምገባ ከሆነ ፊተኛው ክፍል ላይ ጻፊኝ።

---

ፍቅርተ ከጀሞ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:30)

ሄጄ አነበብኩላት። ስለ ውሃው ያለውን ስትሰማ ቆይ አለችና ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ ልጆቿ ሳሎን ነበሩ። ከዚያ ድገሚልኝ አለች። ቡሬ ነበረች! ምግብ ክፍል ተመድባ፣ ኋላ ጥይት ማደል ላይ። «ቦቴው በሌሊት ነው የሚመጣው፣ እውነቷን ነው» አለች። እንድጽፍ የፈቀደችው ይህን ብቻ ነው፦ 1991፣ ቡሬ፣ ጥይት አዳይ። ቤይሩት የሚለውን ገና አላነሣንም።

---

ሐኪሟ ከቱሉ ዲምቱ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:10)

ፍቅርተ፣ ንገሪልኝ፦ ጽፌአታለሁ። ከፈለገች ስልኬን ስጫት፤ ካልፈለገችም ደህና ነው።

ለሁላችሁም፦ የእድሩ ዳኛ እስካሁን የተጻፈውን አይተውታል። ጥቅምት ላይ ሦስት አራት ሰው ያህል ይነበባል ብለዋል፤ ወጥ የሚያማስሉትም በዚያ ሰዓት ወንዶቹ እንዲሆኑ ስብሰባ ላይ አስወስነዋል። ዳዊት ወንድሜ፣ ከእናትህ ጋር ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ስለ መተኮስ የሚናገር አይኖርም። ጽሑፋችሁ እንዳይነበብ የምትፈልጉ ወይም የሚቀነስ ካለ እስከ ቅዳሜ አሳውቁኝ።

---

መገናኛ 77 (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1:50)

የእኔን አንብቢው። «ደህና ሁኚ» ያለኝን ሰው ነገር ግን ዝለዪው፤ የእሱ ቤተሰብ የት እንዳለ አናውቅም፣ ድንገት ድንኳኑ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። የመዝጋቢውን ነገር በደንብ አንብቢው።

---

ሐኪሟ ከቱሉ ዲምቱ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:05)

እሺ እትዬ። ወረቀቱንም ይዘውልኝ ይምጡ።